ከቦይ የፈሰሰው የኑግ ዘይት

ልጄ የኑግ ዘይቴን ከቦይ ደፋችው። የተበደልኩት ይህንን ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ የመጣ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ከሥሩ ላስረዳ። ቤቴ ከጅጋ ወጣ ብሎ ካለ ገጠር ነው። ባለቤቴ ግን ካለፈው ክረምት መግቢያ ጀምሮ ፍኖተ ሰላም፣ ልጃችን ዘንድ ነው የምትኖር። ደም ብዛት ተነሣባትና ሐኪሙ «እየተመላለሰች ትታይ» አለ። በክረምት ጭቃ ከእኛ ቤት እስከ ሆስፒታሉ መመላለስ ለጤነኛም አይሆን፤ እኔም ማሳና ከብት ጥዬ ከተማ ልቀመጥ አልችልም። እንዲህ ሆነና ዕድሜ ልካችንን ከአንድ መሶብ የበላን ሰዎች እሷ እዚያ፣ እኔ እዚህ ቀረን።

እህሉን ልጄ ከገበያ ትገዛለች። በርበሬውን፣ ሽሮውን፣ ሽንኩርቱን እሷው ትገዛለች። መንግሥት ቤት ተቀጣሪ ናት፣ አይቸግራትም። ከእኔ የሚጠበቅ ነገር አልነበረም። አንድ የቀረኝ ዘይቱ ነው። ከወንዙ በላይ ያለችውን ቁራጭ ማሳዬን በየዓመቱ ኑግ እዘራባታለሁ። አጭጄ፣ ወቅቼ፣ ቡሬ ድረስ ወስጄ አስጨምቄ በጀሪካን አመጣላታለሁ። ባለቤቴ ወጥ በቀመሰች ቁጥር ከእኔ እጅ በላች ማለት ነው። ሰው ይስቅ ይሆናል፤ እኔ ግን እንደዚያ ነበር የማስበው። ዘይቱ ከቀረ በዚያ ቤት እኔ እግሩን አራግፎ የሚገባ፣ ሻይ ጠጥቶ የሚወጣ እንግዳ ነኝ።

በፍልሰታ ጾም ጀሪካኔን ይዤ ስገባ አንድ ጥቁር ዕቃ ከጠረጴዛው ላይ ጉብ ብሏል። ድፍን ነው፤ ሆዱ ብቻ እንደ መሳቢያ ይወጣል።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኳት ልጄን።

«ኤር ፍራየር ይባላል፣ አባ። ለእማ ብዬ ነው ከባሕር ዳር ያስመጣሁት። ሐኪሙ ዘይት ቀንሺ ብሏት የለ? ይሄ በአየር ነው የሚጠብሰው።»

«በአየር?»

«በሙቅ አየር።»

«እንግዲያውስ ዘይት አይፈልግም።»

«ትንሽ ይፈልጋል።»

«በአየር ከጠበሰ ዘይቱ ለምኑ ነው?»

«እንዲጠብስ ነዋ፣ አባ።»

ነገሩ መጀመሪያ የጠፋኝ እዚህ ላይ ነው። እስከ ዛሬም አልተገኘልኝ።

የዚያን ዕለት ሁለት የመሥሪያ ቤት ጓደኞቿ ማሽኑን ሊያዩ መጥተው ነበር። ባለቤቴ ከምግብ ሁሉ የምትወደው የተጠበሰ ድንች ነው፤ ሐኪሙም መጀመሪያ የከለከላት እሱኑ ነው። ልጄ የፈረስ ቤት ድንች ልጣ ከተፈችና ካመጣሁት ዘይት አንድ ማንኪያ አሸችበት። ከመሳቢያው ከተተችና ነካ ነካ አደረገችው። ማሽኑ እንደ ባጃጅ ማጓራት ጀመረ። ትንሽ ቆይቶ ከበስተኋላው ጢስ ወጣ። የሚቆጠቁጥ፣ ዓይን የሚያስለቅስ ጢስ ነው። ጓደኞቿ እያሳሉ ወደ በሩ ሸሹ።

«ዘይቱ ነው» አለች አንደኛዋ። «የገጠር ዘይት ያው ነው።»

ልጄ መስኮቱን ከፈተች፣ ማሽኑን አጠፋች፣ ቀጥላ ጀሪካኔን አነሣች።

«አባ፣ አይቀየሙኝ። ይሄ ያልተጣራ ዘይት ነው። ማሽኑንም ያበላሻል፣ እማንም ይጎዳታል።»

ወጥታ ከበራፉ ቦይ ደፋችው። ዝናቡ ገና ማቆሙ ነበርና ቦዩ ይወርዳል። ዘይቴ በጎርፉ ላይ ቢጫ ሆኖ ተንሳፈፈና ቁልቁል ወደ አስፋልቱ ሄደ። እኔ ቆሜ አየሁ። ባለቤቴ ከመደቡ ሆና «የኑግ ዘይት እኮ ነው፣ ልጄ» አለች።

ልጄን ክፉ ናት አልልም። ለእናቷ ብላ ነው። ግን ለእናቷ ብላ ያደረገችው ነገር እኔን ከቤት አስወጣኝ፤ ይህ ደግሞ እውነት ነው።

ወደ ቤቴ ስመለስ አንድ ነገር ወሰንኩ። ዘይት ማምጣቱ ካልቀረ፣ ጥፋቱ የዘይቱ ከሆነ፣ ማሽኑ የሚወደውን ዘይት ፈልጌ እኔው አመጣለሁ። ከማሳዬ ባይሆንም ከእጄ ይሁን አልኩ።

ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ ነው። ልጄ ስምንተኛ ክፍል ስትደርስ እኔ ገበሬ ማሠልጠኛው ውስጥ ከመሰሎቼ ጋር ተቀምጬ ሀ ሁ እል ነበር። ስለዚህ ቀስ እላለሁ እንጂ አነባለሁ። መስከረም ላይ ፍኖተ ሰላም ገበያ ዳር ካለ አንድ ሱቅ ገባሁና ከመደርደሪያው ላይ ዘይቱን እያወረድኩ የተጻፈውን ማንበብ ጀመርኩ። ሱፍ አበባ የተሳለበት አለ፣ አኩሪ አተር የተሳለበት አለ። ምንም ያልተሳለበት፣ በብርድ እንደ ሞራ የሚረጋውም አለ። ባለሱቁ ወጣት ነው። ሲያየኝ ቆየና፦

«አባባ፣ ሊገዙ ነው ሊያነቡ?» አለኝ።

«አንብቤ ልገዛ።»

«እንግዲያው በርጩማ ላምጣልዎ።»

«አምጣ።»

አመጣ። ተቀመጥኩ። የቻልኩትን አነበብኩ፤ የፈረንጁን ፊደል ዘለልኩት።

«ይሄ ኮሌስትሮል የለውም ይላል» አልኩት። «ይሄኛውም የለውም ይላል። ያም የለውም። ያለው የትኛው ነው?»

«አለው ብሎ ማን ይሸጣል?»

«ሁሉም ከሌላቸው በምን ልምረጥ?»

«በዋጋ ነዋ፣ አባባ።»

«በአየር ለሚጠብስ ማሽን የትኛው ይሆናል?»

ልጁ ማሽኑን አያውቀውም። አስረዳሁት። በአየር የሚጠብስ ከሆነ ዘይት ለምን እንደሚያስፈልገው ጠየቀኝ። እንዲጠብስ ነው አልኩት። እሱም ግራ ገባው፤ ሁለታችንም ግራ ገብቶን ትንሽ ተያየን። በመጨረሻ የሱፉን ገዛሁ። አበባው ከኑግ አበባ ጋር ስለሚመሳሰል ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

መንገድ ላይ ያሰብኩት ይህንን ነው። ያ ሁሉ ጠርሙስ ስለ ራሱ ይናገራል። ኮሌስትሮል የለኝም ይላል፣ ቫይታሚን አለኝ ይላል። የእኔ ጀሪካን ላይ ምንም አልተጻፈም። ተከሶ ዝም ያለ ሰው እንደሚፈረድበት ሁሉ ዘይቴም ዝም ስላለ ተፈረደበት።

ልጄ የሱፉን ዘይት ስታይ ደስ አላት። «ጎሽ አባ፣ እንዲህ ነው እንጂ» አለችኝ፤ አስተማሪ ለተማሪዋ እንደምትል። ድንች ከተፈች፣ ዘይቱን ቀባችው፣ ማሽኑን አስነሣችው። አጨሰ። እንደ በፊቱ አጨሰ፤ ሽታውም ያው ነው።

እኔ ዘይቴ ነጻ ወጣ ብዬ ቀና አልኩ። ልጄ ግን አፍንጫዋን ይዛ፦

«የድሮው ነው» አለች። «የኑጉ ዘይት ውስጡ ሰርጎ ቀርቷል። ደህና አድርጌ ማጠብ አለብኝ።»

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚሉት ይህ ነው። የሱፉ ዘይት ሲያጨስ እንኳ ወንጀሉ የኑጉ ሆነ። መሳቢያውን በፈላ ውሃና በሳሙና ፍቅፍቅ አድርጋ አጠበችው። በሌላ ቀን ስመጣ ደግሞ አጭሶ፣ ደግሞ አጥባው አገኘኋት።

ስልኳን ከፍታ የምታሳየኝም ነበር። አንዲት ሴትዮ ከወይራ ዘይት የሚበልጥ የለም ትላለች። ሌላዋ የወይራ ዘይት በጭራሽ፣ ሙቀት አይችልም ትላለች። ሦስተኛዋ የአቮካዶ ዘይት ነው ለዚህ የተፈጠረ ትላለች።

«አቮካዶ ዘይት አለው?» አልኩ። ጓሯችን አቮካዶ አለ፤ ሲበዛ ለከብት ነው የምንሰጠው።

«አለው፣ አባ።»

«ከየት ይወጣል?»

«ከአቮካዶው ነዋ።»

«ወይራውስ? የእኛ ወይራ ነው?»

«የእኛ አይደለም። የፈረንጅ ነው።»

የእኛ ወይራ ለሞፈር፣ ለወተት ዕቃ ማጠኛ ነው። ዘይት ሲወጣው አላየሁም። ሴትዮዎቹ ሁሉ ያማረ ወጥ ቤት ውስጥ ቆመው፣ ፈገግ ብለው፣ አንዷ የሌላዋን እያፈረሰች ይናገራሉ። ማንን ልመን? ባለቤቴን ዞሬ ሳያት ግድግዳውን ተደግፋ ጥጥ ታባዝታለች። ይህ ሁሉ ወሬ ስለ እሷ ሆድ ነው፤ እሷን ግን የጠየቃት የለም። እኔም አልጠየቅኋት።

ቡሬ ሄድኩ። የምተማመንበት የዘይት መጭመቂያ እዚያ ነው። ባለቤቱ ኑጌን ከዓመት ዓመት የሚያውቅ ሰው ነው። ልጄ ያለችውን ነገርኩት። ተቆጣ።

«ዘይትህ ምን አለው?»

«ያጨሳል አሉ።»

«ኑግ ሁሉ እሳት ከበዛበት ያጨሳል። የማያጨስ ምን አለ? አንተስ አሁን በንዴት እየጨስክ አይደል?»

«የሱፉም አጭሷል።»

«እንግዲያው ማሽኑን ጠይቀው።» ቀጥሎ ግን ረጋ አለና «ምናልባት ሳይጠልል ወስደኸው ይሆናል» አለ። «ዝቃጩ ሲያርር ይጨሳል። እስቲ አቆየው፣ በጨርቅም አጥልለው።»

ይሄም አንድ ምክር ነው ብዬ ተቀበልኩ። ቤቴ ስመለስ ከቀረኝ ዘይት በትንሽ ጠርሙስ ቀዳሁና በንጹሕ ነጠላ እያጠለልኩ እስኪጠራ ጠበቅሁት። ጥርት ብሎ፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ማር መስሎ ወጣ። እሱን በጋቢ ጠቅልዬ በጅጋ በኩል በሚኒባስ መጣሁ። ልጄ ከቢሮ ለምሳ ስትገባ በራፍ ላይ ተገናኘን። ጋቢውን ስገልጠው አየችው።

«አባ፣ ተነጋግረን የለ?»

«ተጠልሏል። እዪው።»

«ቢጠለልም ያው የኑግ ነው። እማ ደግሞ ደሟ ከፍ ብሏል። እባክዎ።»

እባክዎ ስትለኝ ምን እላለሁ? ጠርሙሱን መልሼ ጠቀለልኩት። ሻይ ጠጣሁ። ስመለስ ጠርሙሱ ጭኔ ላይ ነበር። ጥቅምት ስለሆነ መንገዱ ዳርና ዳር ኑጉ ሁሉ አብቦ ቢጫ ነው። የራሴ ማሳ ጋ ስደርስ ዞሬም አላየኋት። በሚቀጥለው ዓመት ባሕር ዛፍ እተክልባታለሁ አልኩ። ባሕር ዛፍ ቢያንስ ማንም ከቦይ አይደፋውም።

ቤቴ ስደርስ ግን ጠርሙሱን ከከረጢቴ ከተትኩት፤ ከዚያም አላወጣሁትም። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

የነቢያት ጾም ሲገባ እንደገና ሄድኩ። ቀኑ የሥራ ቀን ነው፣ ልጄ ቢሮ ናት፣ ባለቤቴ ብቻዋን ነበረች። ከስታለች። ምን በላሽ አልኳት። የተቀቀለ ድንች አለችኝ። ትናንትስ? የተቀቀለ ድንች። ማሽኑስ?

«ያጨሳል» አለች። «እሷም ታጥበዋለች።»

ተናደድኩ። በማን እንደተናደድኩ አላውቅም። ዘይቱን ሁሉ ሞክረናል፣ ያልሞከርነው አንድ ነገር ብቻ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ያለ ዘይት።

«አብሪው» አልኳት።

«ድንች ልላጥ።»

«ድንችም አታድርጊ። ዘይትም አታድርጊ። ባዶውን አብሪው።»

«ባዶ ዕቃ እሳት ላይ ይጣዳል? አንተ ሰው፣ ምን ነካህ ዛሬ?»

«አብሪው አልኩሽ።»

ልጇ እንዳሳየቻት በአንድ ጣቷ ጫን ጫን አደረገችው። ማሽኑ አጓራ። ጠበቅን። ከበስተኋላው ጢስ ወጣ።

ዘይት የለም፣ ድንች የለም፣ ጢሱ ግን አለ። ያው የሚቆጠቁጠው ጢስ። ጭንቅላቴን ያዝኩ። ምንም የሌለበት ዕቃ ምኑ ይጨሳል? አየሩ ነው የሚያጨሰው? በአየር የሚጠብሰው ይህ ከሆነ አየሩን ከየት እንቀይርለታለን?

ባለቤቴ አፍንጫዋን ቀና አድርጋ አሸተተች።

«ጎመን ዘሩ ነው» አለች።

«የቱ ጎመን ዘር?»

«ያሟሸሁበት ነዋ።»

«ምኑን?»

«ይሄንኑ።»

ለከተማ ልጅ ላስረዳ። አዲስ ምጣድ ሲገዛ እንዲሁ አይጋገርበትም፤ ይሟሻል። ይግልና ጎመን ዘር ይበተንበታል፣ በጨርቅ ይታሻል፣ ዘሩ እያረረ ቅባቱን ይተፋል፣ ምጣዱ ይለሰልሳል። ያልተሟሸ ምጣድ ያጣብቃል። ይህን የማያውቅ ሴት በአገራችን የለም፣ ወንድም የለም።

«ማሽኑን አሟሸሽው?»

«አዲስ ዕቃ ሳይሟሽ ምን ይጠበስበታል? ሊያጣብቅ?»

«መቼ?»

«መጀመሪያማ እንደመጣ ነው። እሷ ቢሮ ስትሄድ አጋልኩና ዘሩን በተንኩበት። ነፋሱ ዘሩን ወደ ላይ እያነሣ አስቸገረኝ እንጂ ደህና ተሟሽቶ ነበር። ከዚያ እሷ በሳሙና አጠበችብኝ። የታጠበ ማሟሻ ምን ይሆናል? መልሼ አሟሸሁት። ደግሞ አጠበችው። ደግሞ አሟሸሁት። ሰለቸኝ እኮ።»

እንግዲህ እንዲህ ነበር። ሲያጨስ ልጄ ታጥበዋለች፤ ስታጥበው እናቷ ታሟሸዋለች፤ ስታሟሸው ያጨሳል። እኔ በዚህ መካከል ቡሬና ገበያ ለገበያ ዘይት ሳሳድድ ከረምኩ።

«ለምን አልተናገርሽም?»

«ማን ጠየቀኝ? እናንተ የምታወሩት ስለ ዘይት ነው።»

መሰኪያውን ነቀልኩ፣ እስኪበርድ ጠበቅን፣ መሳቢያውን አውጥቼ ማሽኑን በጀርባው ገለበጥኩት። ከላይ በኩል የሚግል ሽቦ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ነፋሱ ያነሣው ጎመን ዘር እዚያ ገብቶ፣ ከሽቦው ጋር ተጣብቆ፣ ከሰል ሆኗል። ባለቤቴ ከአንገቷ ክር ወረንጦዋን ፈታች። እሾህ እንደምታወጣ ጎንበስ ብላ አንድ በአንድ ለቀመችው። እኔ ማሽኑን ያዝኩላት። እንዲህ ጎን ለጎን ሆነን አንድ ሥራ ከሠራን ቆይተናል።

ሲያልቅ ከከረጢቴ ጠርሙሱን አወጣሁ። አየችው። ድንች ላጠች፣ አንድ ማንኪያ አሸችበት። ማሽኑ አጓራ፤ አላጨሰም። ድንቹ ቀላ ብሎ፣ ዳሩ ደረቅ ብሎ ወጣ። ቁጭ ብላ በላች። እኔ ስትበላ አየሁ።

«ለልጅቱ አትንገራት» አለችኝ አፏን እየጠረገች።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ትስቅብኛለች። ለነዚያ ለጓደኞቿም ትነግራቸዋለች። አሮጊቷ ማሽን አሟሸች ይሉኛል።»

ይኸ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ከፍልሰታ ጀምሮ ስብከነከን የከረምኩት ዘይቴ ንጹሕ መሆኑን ላስመሰክር ነው። አሁን ምስክሩ ተገኘ፤ ለመመስከር ግን ሚስቴን መክሰስ ሊኖርብኝ ነው። ይህን የሚፈርድ ሽማግሌ አላውቅም።

ልጄ ለምሳ ገባች። ቤቱ እንዳልጨሰ ወዲያው አወቀች። ከሳህኑ አንድ ድንች አንሥታ ቀመሰች፣ ሁለተኛም አነሣች።

«የትኛው ዘይት ነው?» አለች።

«የአባትሽ» አለች ባለቤቴ።

«የኑጉ? አላጨሰም?»

«አላጨሰም።»

«እንዴት?» ብላ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ሳህኑን አየሁ። ምላሴ ሥር ያለውን ሁሉ ዋጥኩት። ከባድ ነበር፤ ቀላል ነበር ካልኩ ውሸት ነው።

«እኔ ነኝ ያጨስኩት» አለች ባለቤቴ። «በጎመን ዘር አሟሸሁት። እንግዲህ ሳቂ።»

ልጄ አልገባትም። ከዚያ ገባት። እጇን ከአፏ ላይ ጫነች፣ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሳቀች። እናቷም ተቆጥታ ጀመረችና ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ሳቋ ሲያልቅ ልጄ በተከፈተው በር በኩል ወደ ቦዩ አየት አደረገች። ቦዩ በጋ ስለሆነ ደርቋል። አንድ አፍታ ነው፤ እኔ ግን አይቻታለሁ። ይቅርታ የሚባል ቃል ከአፏ አልወጣም። ምሳዋን በልታ ወደ ቢሮዋ ተመለሰች።

ስለ ዘይት ያወቅሁት ነገር አለ ወይ ብትሉኝ እምብዛም የለም። ሐኪሙን ሳገኘው «ዘይቱ የፈለገው ይሁን፣ ትንሽ ይሁን» አለኝ። ትንሽ የሚሆነው ከምን ያህሉ እንደሆነ አልነገረኝም። በአየር የሚጠብስ ዕቃ ዘይት ለምን እንደሚያሻው ዛሬም አልገባኝም። ጠርሙሱን ለእነሱ ትቼ ወደ አገሬ ሄድኩ።

ኑጉ ደርሶ ማጨድ ጀምሬ ነበር። ከማሳው መሐል ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። ልጄ ናት።

«አባ፣ ዘይቱ አልቋል። ሲመጡ ይያዙልን።»

«የትኛውን?» አልኳት። አውቄ ነው።

ቢሮ ውስጥ ሰው ሲነጋገር ይሰማኛል።

«ያንቱን» አለች።

ቀኑ ኅዳር ሃያ ሁለት፣ የጽዮን ማርያም ማግስት ነበር።